በገናን ለማዳን የሚዘረጋ ማዕድ፤ የአየርላንድ ሰዎች ጥበባቸውን በግብዣ ስለ መርዳታቸው

ግብዣ በየሕዝቡ ዘንድ ልዩ ልዩ ምክንያት አለው። ሠርግ ሲሆን፥ ልጅ ክርስትና ሲነሣ፥ ሙት ዓመት ሲታሰብ፥ ማኅበር ሲወጣ ሰው ወዳጁን ይጠራል፤ የተጠራውም መጥቶ ይበላል፥ ይጠጣል፥ መርቆ ይሄዳል። በዚህ ሁሉ የሚያወጣው ደጋሹ ነው፤ እንግዳው ግን ይስተናገዳል። በአውሮፓና በአሜሪካ አገር የዚህ ተቃራኒ የሚመስል ሌላ ዓይነት ግብዣ አለ። እንግዳው የሚበላውን የራት ዋጋ ብዙ እጥፍ አድርጎ አስቀድሞ ይከፍላል፤ ከማዕዱ ከተቀመጠም በኋላ ሌላ ገንዘብ ጨምሮ ይሰጣል፤ ይህንም አድርጎ ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይመለሳል። ደጋሹም ከገቢው ወጪውን ቀንሶ የተረፈውን ለታሰበው በጎ ሥራ ያውለዋል።

ይህን የሰማ አንባቢ «ይህስ ገበያ እንጂ ግብዣ ምኑ ነው?» ሊል ይችላል። ነገሩን በቅርብ ለመረመረ ሰው ግን እንዲህ ያለው ግብዣ ብዙ ቁም ነገር አለበት። ይልቁንም የአየርላንድ ሕዝብ ቋንቋውንና ዜማውን፥ ቴያትሩንና ሥዕሉን ከመጥፋት ያዳነው በአንድ ወገን በመምህራን ትጋት፥ በሌላ ወገን እንዲህ ባለ መዋጮ ስለ ሆነ፥ የእነርሱን ነገር ለምሳሌ አድርገን ጥቂት እንጽፋለን። ከዚህ በታች የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

አየርላንድ ከእንግሊዝ አገር በስተ ምዕራብ በባሕር መካከል ያለች ደሴት ናት። ብዙ መቶ ዓመት በእንግሊዝ መንግሥት ስትገዛ ከቆየች በኋላ፥ የሚበዛው ክፍሏ በ1922 የራሱን መንግሥት አቆመ። የሕዝቧ የጥንት ቋንቋ ከእንግሊዝኛ ፈጽሞ የተለየ ነው። በ1845 ለድኻው ሁሉ ምግብ የነበረውን ድንች በሽታ መታው፤ ከዚያም ለተከታታይ ዓመታት በሆነው ረኃብ 1 ሚሊዮን ያህል ሰው አለቀ፤ ሌላ 1 ሚሊዮን ያህልም አገሩን ጥሎ ተሰደደ። በ1841 ከ8 ሚሊዮን በላይ ሆኖ የተቈጠረው ሕዝብ በ1911 ወደ 4 ሚሊዮን ተኩል ወርዶ ተገኘ። ረኃቡና ስደቱ ይበልጥ የጐዳው የጥንቱን ቋንቋ የሚናገረውን የምዕራብ አገር ገበሬ ስለ ነበረ፥ ከሰዉ ጋር ቋንቋውም አብሮ አነሰ። የቀሩትም ወላጆች ልጆቻቸው ወደ ውጭ አገር ሄደው እንጀራ እንዲያገኙ በማሰብ እንግሊዝኛ ብቻ እንዲናገሩ ያስገድዱአቸው ጀመር።

እንግዲህ የአንድ ሕዝብ ቋንቋ ከገዛ ቤቱ ሲወጣ፥ ከእርሱ ጋር የሚወጣው ብዙ ነው። ተረቱ፥ ለቅሶው፥ የልጅ ማስተኛ ዜማው፥ የአባቶች ታሪክ ሁሉ ይከተለዋል። በሌላ ወገን ግን በስደት የሄዱት በኒው ዮርክ፥ በቦስተን፥ በቺካጎ፥ በለንደን ሥራ አግኝተው ኑሮአቸውን አደላደሉ። በአገር የቀረው ጥበቡን ይዞ ገንዘብ አጣ፤ በስደት ያለው ገንዘብ አግኝቶ ጥበቡን ናፈቀ። ስለ አየርላንድ ጥበብ የሚደረገው ግብዣ እስከ ዛሬ ድረስ በውጭ አገር ከተሞች የበዛበት ምክንያት ይህ ነው።

አስቀድሞ የበገናቸውን ነገር እንናገር። በገና የአየርላንድ መንግሥት ምልክት ነው፤ በገንዘባቸውና በመንግሥት ማኅተማቸው ላይ ተቀርጾ ይታያል። ለዚህ ምልክት አብነት የሆነው የጥንት በገና ዛሬም በደብሊን ከተማ በትሪኒቲ ኮሌጅ ተጠብቆ ይኖራል። በቀድሞ ዘመን በገና ደርዳሪ በየመኳንንቱ ቤት ከክብር ወንበር የሚቀመጥ ሰው ነበረ። መኳንንቱ በጦርነት ተሸንፈው በተሰደዱ ጊዜ ግን ጌታ የሌለው ሆኖ ከቤት ወደ ቤት የሚዞር መንገደኛ ሆነ። ከነዚህ መካከል ዝነኛ የሆነው ተርሎክ ኦካሮላን በ1670 ተወልዶ በ1738 የሞተ ነው። በ18 ዓመቱ በፈንጣጣ ዓይኑ ጠፋ፤ ነገር ግን የማክደርሞት ሮ ቤት እመቤት የሆነች አንዲት ደግ ወይዘሮ የበገና መምህር ቀጥራ አስተማረችው፤ ትምህርቱንም በፈጸመ ጊዜ ፈረስና መንገድ የሚመራው አገልጋይ ሰጥታ አሰናበተችው። እርሱም ከ40 ዓመት በላይ በየአገሩ ሲዞር ኖረ፤ ከደረሳቸውም ዜማዎች 200 ያህሉ እስከ ዛሬ ይደረደራሉ። አንዲት ወይዘሮ ለአንድ ዕውር ወጣት ያወጣችው ገንዘብ ይህን ያህል ፍሬ አፈራ።

ከዚህ በኋላ የበገናው ነገር እየደከመ ሄዶ፥ በ1792 በጁላይ ወር የቤልፋስት ከተማ ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው በአገሩ የቀሩትን ደርዳሪዎች ለጉባኤ ጠሩ፤ ለሚያሸንፉትም ሽልማት አዘጋጁ። ጥሪው በመላው አገር ቢሰማም የመጡት 10 አየርላንዳውያንና አንድ የዌልስ ሰው ብቻ ነበሩ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ዓይነ ስውራን ነበሩ። ከሁሉ የሸመገለው ዴኒስ ሄምፕሰን ዕድሜው ከ90 ዓመት ያለፈ ሲሆን፥ የሽቦውን ክር እንደ ጥንቱ ሥርዓት በረዥም ጥፍሩ የሚመታ ከሁሉም እርሱ ብቻ ነበረ። አዘጋጆቹ ኤድዋርድ በንቲንግ የሚባል የ19 ዓመት ወጣት ቀጥረው የደርዳሪዎቹን ዜማ በኖታ እንዲጽፍ አደረጉ። እርሱም ሥራውን በዚያ ሳይተው ዕድሜውን ሙሉ ዜማ ሲለቅም ኖሮ በ1796፥ በ1809ና በ1840 ሦስት መጻሕፍት አሳተመ። ያ ጉባኤ ባይሰበሰብና ያ ወጣት ባይቀጠር ኖሮ፥ የሄምፕሰን ዜማ ከሄምፕሰን ጋር በተቀበረ ነበር። «በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ማለት ይህ ነው።

በዚያው ከተማ በ1808 ዓይነ ስውራን ልጆችን በገና የሚያስተምር ማኅበር ቆመ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ገንዘብ ጐድሎት ሥራው በተቋረጠ ጊዜ፥ በህንድ አገር በሥራ ላይ የነበሩ አየርላንዳውያን አዋጥተው ላኩለትና ሁለተኛ ተከፈተ። አገሩን ትቶ የሄደ ሰው የአገሩን ዜማ በይበልጥ እንደሚወድ ከዚህ ይታወቃል።

ለቋንቋቸው ደግሞ በ1893 በደብሊን የጌይሊክ ማኅበር ተመሠረተ። ከመሥራቾቹ አንዱ ዳግላስ ሃይድ የቄስ ልጅ ሲሆን፥ ቋንቋውን የተማረው በትምህርት ቤት ሳይሆን በአባቱ አገር ካሉ ገበሬዎች አፍ ነው። ማኅበሩ ቋንቋ ማስተማር ብቻውን ሰውን እንደማይስብ አስተውሎ፥ ትምህርቱን ከጨዋታ ጋር አጣመረ። በ1897 በኦክቶበር ወር በለንደን ያለው የማኅበሩ ቅርንጫፍ በብሉምስበሪ አዳራሽ አንድ የማታ ጨዋታ አደረገ፤ በለንደን ያሉ የስኮትላንድ ሰዎች የሚያደርጉትን አይቶ ነበርና፥ ስሙንም «ኬሊ» አሉት። ይህ ቃል በጥንቱ ቋንቋ ጎረቤት ተሰብስቦ የሚያመሽበት ጨዋታ ማለት ነው። ዛሬ በዓለም ሁሉ አየርላንዳውያን ባሉበት የሚደረገው የኬሊ ጭፈራ ከዚያ ምሽት የመጣ ነው።

ማኅበሩ እየሰፋ ሲሄድ ለየመንደሩ የሚላኩት መምህራን ደመወዝ አስፈለጋቸው። ስለዚህ ሃይድ በ1905 በኖቬምበር ወር ወደ አሜሪካ ተሻገረ፤ ጉዞውን ያሰናዳለት ጆን ኲን የሚባል የኒው ዮርክ የሕግ ጠበቃ ነበረ። እስከ 1906 አጋማሽ ድረስ ከከተማ ወደ ከተማ እየዞረ ንግግር አደረገ፤ በየሄደበትም የአገሩ ተወላጆች በግብዣ ተቀብለው ገንዘብ አዋጡለት። በመጨረሻው ከ50,000 ዶላር በላይ ይዞ ተመለሰ። በጉዞው ላይ ሳለ በ1906 በአፕሪል 18 ቀን ሳን ፍራንሲስኮ በምድር መንቀጥቀጥና በእሳት ጠፋች። ያች ከተማ ጥቂት ቀደም ብላ ብዙ ገንዘብ አዋጥታለት ነበርና፥ ሃይድ ከተሰበሰበው 5,000 ዶላር ለተጐዱት እንዲመለስ አደረገ። የሌላውን ገንዘብ የሚሰበስብ ሰው ከገንዘቡ ይልቅ የሰጪውን ኑሮ ማሰብ እንደሚገባው በዚህ ሥራው አሳየ። እኒህ ሰው በ1938 የአየርላንድ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነው እስከ 1945 አገራቸውን አገለገሉ።

ቴያትራቸውም የተነሣው በአንዲት ሴት ልግስና ነው። የሻይ ነጋዴ የልጅ ልጅ የሆነች ሚስ አኒ ሆርኒማን የምትባል እንግሊዛዊት ባለጸጋ በደብሊን በአቢ መንገድ ያለውን ቤት ገዝታ አሳድሳ ሰጠች፤ አቢ ቴያትርም በ1904 በዲሴምበር 27 ቀን ተከፈተ። ነገር ግን በ1910 የእንግሊዝ ንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ በሞቱ ጊዜ ቴያትሩ ስለ ሐዘኑ ሳይዘጋ በመቅረቱ ተቈጥታ ዕርዳታዋን አቋረጠች። በአንድ ሰው እጅ ብቻ የተንጠለጠለ ሥራ በአንድ ቀን ቁጣ እንደሚወድቅ የዚህ ቴያትር ወዳጆች በዚያን ጊዜ ተማሩ። ተጫዋቾቹም ገንዘብና ተመልካች ፍለጋ አሜሪካ ተሻገሩ። በ1912 በጃንዋሪ ወር በፊላደልፊያ ከተማ ሳሉ የሚጫወቱት ቴያትር ነውር አለበት ተብለው ተከሰሱና ተያዙ፤ ያው ጠበቃ ጆን ኲን ከኒው ዮርክ መጥቶ ተከራከረላቸውና ክሱ ተሰረዘ። በመጨረሻም አዲሱ የአየርላንድ መንግሥት በ1925 ለቴያትሩ 850 ፓውንድ በጀት መደበለት። በእንግሊዝኛ በሚናገሩ አገሮች ውስጥ መንግሥት የሚረዳው የመጀመሪያው ቴያትር ይህ ነው።

በፍርድ ቤት አገልግሎት ላይ ላለን ሰዎች ይልቁንም የሚያስደንቀን የሰር ህዩ ሌይን የኑዛዜ ነገር ነው። ይህ ሰው ሥዕል በመግዛትና በመሸጥ የከበረ ሲሆን፥ አብዛኞቹን የፈረንሳይ ሠዓሊዎች የሠሩአቸውን 39 ምርጥ ሥዕሎች ለደብሊን ከተማ ለመስጠት አሰበ፤ የሚሰቀሉበት የተገባ ቤት ግን እንዲሠራ ጠየቀ። ለዚህም ከሕዝብ መዋጮ ተሰበሰበ፤ አክስቱ እመቤት ግሬጎሪም በአሜሪካ ሳሉ ገንዘብ አሰባሰቡ። ዳሩ ግን በ1913 የከተማው ሹማምንት በቤቱ አሳብ ሳይስማሙ ስለ ቀሩ፥ እርሱ ተቀይሞ ሥዕሎቹ በለንደን ላለው ብሔራዊ የሥዕል ቤት እንዲሰጡ ተናዘዘ። በ1915 በፌብሩዋሪ ወር ቁጣው በርዶለት፥ ሥዕሎቹ ለደብሊን እንዲሆኑ የሚል የኑዛዜ ተጨማሪ በገዛ እጁ ጽፎ ፈረመ። በዚያው ዓመት በሜይ 7 ቀን ሉሲታኒያ የተባለችው መርከብ በጀርመን ጠላቂ መርከብ ስትመታ እርሱም አብሮ ሰጠመ። ጽሑፉ ከጠረጴዛው መሳቢያ ውስጥ ተገኘ፤ ቃሉ የእርሱ፥ ፊርማውም የእርሱ ነበረ፤ ምስክሮች ግን አልፈረሙበትም። በአገሩ ሕግ ሁለት ምስክር የሌለበት ኑዛዜ አይጸናምና ሥዕሎቹ በለንደን ቀሩ። ሁለቱ ወገኖች ሥዕሎቹን በየተራ ለማሳየት የተስማሙት በ1959 ነው። ሁለት ሰዎች ብዕር አንሥተው በዚያ ወረቀት ላይ ቢፈርሙ ኖሮ የ44 ዓመት ሙግት ባልተነሣ ነበር። ስጦታ ለመስጠት የሚያስብ ሰው የልቡን ቸርነት ብቻ ሳይሆን የወረቀቱንም ሥርዓት ማሰብ ይገባዋል።

እስከዚህ ድረስ ታሪኩን ተናገርን፤ እንግዲህ ግብዣው ራሱ በምን ሥርዓት እንደሚደረግ እንናገር። ዘመድ ለመጠየቅ ወደ ኒው ዮርክ በሄድሁበት ወራት፥ የዘመዶቻችን ጎረቤት የሆነ አንድ አየርላንዳዊ የሕግ ጠበቃ እኔንና ባለቤቴን ወደ እንዲህ ያለ ግብዣ ጠራን። ገንዘቡ የታሰበው ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ በገናና የአባቶቻቸውን ቋንቋ የሚማሩባትን አንዲት ትንሽ ትምህርት ቤት ለማቆየት ነበረ። በበሩ ላይ ሁለት ወይዘሮዎች የእንግዳውን ስም ከዝርዝር እያዩ የሚቀመጥበትን ማዕድ ቍጥር ይነግሩታል። በየማዕዱ የመኰንንና የነጋዴ፥ የሐኪምና የግንብ ሠራተኛ ቤተሰብ ተቀላቅሎ ተቀምጦአል፤ ሽማግሌዎቹ በአገራቸው ጠቅላይ ግዛት ስም እየተጠራሩ ይሳሳቃሉ። የቀረበው ምግብ የተጠበሰ የዓሣ ሥጋ፥ ድንች፥ ያለ እርሾ በሶዳ የተጋገረ ዳቦና ቅቤ ነበረ። ከወይንና ከውስኪ በቀር እጅግ የተለየ ነገር አላየሁም፤ ማዕዱ ቀለል ያለው ሆን ተብሎ እንደ ሆነ በኋላ ተረዳሁ።

ከምግብ በኋላ የዘፈኑ ተራ ሆነ። አንዱ ቫዮሊን፥ አንዱ ዋሽንት፥ አንዱ ከፍየል ቆዳ የተሠራ በአንድ እጅ የሚያዝ ከበሮ ይዞአል። ከሁሉ ያስገረመን ግን በአፍ የማይነፋው የወናፍ ዋሽንታቸው ነው። ተጫዋቹ ተቀምጦ ትንሽ ወናፍ ከክንዱ በታች አድርጎ በክርኑ ይጫነዋል፤ ነፋሱም ወደ ከረጢቱ ገብቶ ዋሽንቱን ያስጮኸዋል፤ ስሙም ከ«ክርን» የመጣ ነው። ከዚህ በኋላ ልጆች ተነሥተው ጨፈሩ። የእኛ ሰው ሲጨፍር ትከሻው ይናገራል፤ የእነርሱ ግን ትከሻቸው እንደ ዓምድ ቀጥ ብሎ፥ እጃቸው ወደ ታች ተዘርግቶ፥ እግራቸው ብቻ ወለሉን እንደ ከበሮ ይመታዋል። ከወገብ በላይ ያየ ሰው ቆመዋል ይላል፤ ከጕልበት በታች ያየ ግን ዓይኑ አይከተላቸውም።

በመጨረሻ 12 ዓመት ያህል የሚሆናት አንዲት ልጅ በገናዋን ይዛ ወጣችና የኦካሮላንን ዜማ ደረደረች። አዳራሹ ሁሉ ጸጥ አለ። ባለቤቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፥ «ይሰማሉን? ይህ እንደ እኛ በገና ሰውን ከራሱ ጋር የሚያነጋግር ነው እንጂ ለጭፈራ የሚሆን አይደለም» አለችኝ። ልጅቱ እጅ ነሥታ ከተቀመጠች በኋላ የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ ተነሥቶ ንግግሩን በጥቂት ቃል አደረገው። «የዚች ልጅ መምህር ደመወዝ እስከ ፋሲካ ድረስ አለ፤ ከፋሲካ በኋላ ግን የለም። የምንለምናችሁ ይህን ብቻ ነው» ብሎ ተቀመጠ። እኔ በዕድሜዬ ብዙ የአቤቱታ ጽሑፍ አንብቤአለሁ፤ እንደዚህ ያለ አጭርና የተረዳ አቤቱታ ግን ጥቂት ነው ያየሁት።

ከዚያ ጨረታ ሆነ። አንዲት አሮጊት በእጃቸው የሠሩትን የሱፍ ሹራብ፥ አንድ ሠዓሊ የሣለውን የባሕር ዳር ሥዕል፥ አንድ ባለ ሆቴል የሁለት ሌሊት ማደሪያ በስጦታ አቅርበው ነበር። ጨረታው ሁለት ወዳጆችን እርስ በርስ ያፎካክራል፤ የተሸነፈውም የተሸነፈበትን ያህል ገንዘብ በልግስና እንዲጽፍ በሳቅ ይገደዳል። ብዙ ለማውጣት የማይችለው ደግሞ በጥቂት ሣንቲም የዕጣ ወረቀት ይገዛል፤ በዚህም ድኻውም ሀብታሙም የሥራው ተካፋይ ይሆናል። እንግዶች ገና ሳይነሡ ገንዘብ ያዡ የተገኘውን ቈጥሮ፥ የመምህሩ ደመወዝ ለአንድ ዓመት መሙላቱን አስታወቀ። ጭብጨባው ከዘፈኑ ሁሉ በለጠ።

ይሁን እንጂ በእንዲህ ያለው ግብዣ ላይ የሚነሣ ነቀፋ አለ፤ እርሱንም ሳንመረምር ማለፍ አይገባም። አንደኛው፥ ምጽዋት በስውር ሊሆን ሲገባ፥ ስምን በዝርዝር አሳትሞ በሰው ፊት መስጠት ውዳሴ ከንቱ ነው የሚል ነው። ይህ እውነት አለበት፤ ስለዚህም ብዙ ሰዎች ስማቸው እንዳይጻፍ አሳስበው ይሰጣሉ። ነገር ግን ለተራበ ሰው ቍራሽ መስጠትና ትምህርት ቤት ማቆም አንድ አይደለም። የመጀመሪያው በስውር ይፈጸማል፤ ሁለተኛው ግን ብዙ ሰው ካልተባበረበት አይቆምም፤ አንዱም የሚነሣሣው ሌላውን አይቶ ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላልና።

ሁለተኛው ነቀፋ ከዚህ ይከብዳል። ይኸውም ግብዣው ራሱ ገንዘቡን እንዳይበላው የሚያሰጋ መሆኑ ነው። አበባው፥ አዳራሹ፥ መጠጡ፥ አሳላፊው ሁሉ ይከፈልበታል፤ ደጋሹ ለክብሩ ብሎ ማዕዱን ካበዛ፥ መምህሩ የሚያገኘው ፍርፋሪ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ በአሜሪካ ሕግ፥ አንድ ሰው ለበጎ አድራጎት ማኅበር ከ75 ዶላር በላይ ከፍሎ በምትኩ ራት ወይም ሌላ ነገር ቢቀበል፥ ማኅበሩ የዚያን ነገር ግምት በጽሑፍ ሊያስታውቀው ይገባል፤ ከግብር ሒሳቡ የሚቀነስለትም ከግምቱ በላይ የከፈለው ብቻ ነው። ይህ ሕግ እንግዳው «ከከፈልሁት ውስጥ ምን ያህሉን በላሁ፥ ምን ያህሉንስ ሰጠሁ?» ብሎ እንዲያስብ ያደርገዋል። ጥሩ ማኅበር ምግቡን በቀላሉ ያዘጋጃል፥ አዳራሹን ከወዳጅ ይለምናል፥ ሒሳቡንም በማግሥቱ ለሰጪዎቹ ይገልጻል።

ሦስተኛው ነቀፋ፥ ይህ ሁሉ የመንግሥት ሥራ ነውና ለምን በልመና ይሆናል የሚል ነው። የአየርላንድ መንግሥት በእርግጥ ሥራውን አልተወም። በ1951 የጥበብ ጉዳይ ምክር ቤት አቆመ፤ በ1969 ደራሲዎች፥ ሠዓሊዎችና ዜማ ደራሲዎች ከሥራቸው የሚያገኙት ገንዘብ ከግብር ነጻ እንዲሆን ሕግ አወጣ፤ በ2022 ደግሞ ለሙከራ 2,000 የሚሆኑ የጥበብ ሰዎችን መርጦ በየሳምንቱ 325 ዩሮ ይከፍላቸው ጀመር። ቢሆንም ቅሉ መንግሥት ሁሉን ቤት አያንኳኳም፤ ከባሕር ማዶ ያለውንም ልጅ ሁሉ አያስተምርም። በኒው ዮርክ በ1972 የተመሠረተው የአየርላንድ የጥበብ ማእከል ለብዙ ዓመታት በአንዲት ጠባብ ቤት ሲሠራ ኖሮ፥ በ2021 በአሥራ አንደኛው ጎዳና ወዳለው አዲስ ሕንፃ የገባው የአየርላንድ መንግሥት፥ የኒው ዮርክ ከተማና የግል ሰጪዎች ተባብረው ነው። በገናቸውም በ2019፥ የወናፍ ዋሽንታቸውም በ2017 በዩኔስኮ የዓለም ሕዝብ ቅርስ ተብለው ተመዝግበዋል። ሦስቱ እጆች፥ ማለት መንግሥት፥ ባለጸጋና ተራ ሰው፥ በአንድነት ሲያነሡ ሸክሙ ይቀላል።

እንዲህ ወዳለው ግብዣ የሚጠራ ቤተሰብ ጥቂት ነገር ቢያውቅ ይጠቅመዋል። መጀመሪያ፥ የጥሪ ወረቀት ሲደርስ መምጣትንና አለመምጣትን ወዲያው ማስታወቅ ይገባል፤ ሳይመልሱ የቀሩበት ወንበር ለማኅበሩ ኪሣራ ነውና። ሁለተኛ፥ ባልና ሚስት ሊሰጡ የሚችሉትን ልክ በቤታቸው ተመካክረው ወስነው ይሂዱ፤ በጨረታ ሙቀት የተናገሩትን ቃል በማግሥቱ ማጠፍ ነውር ነው። ሦስተኛ፥ ልጆች ሊመጡ የተፈቀደ እንደ ሆነ ይዞ መሄድ መልካም ነው፤ እኩያቸው የሆነች ልጅ በገና ስትደረድር ማየት ከብዙ ምክር ይበልጣል። አራተኛ፥ ሙዚቃው ሲሰማ ወሬ ማቆም ነው፤ ለተጫዋቹ ገንዘብ ከፍሎ ጆሮ መንፈግ ስጦታውን ያጐድላል። በመጨረሻም ገንዘቡ ለምን ሥራ እንደ ዋለ ከጥቂት ወር በኋላ መጠየቅ ጥርጣሬ ሆኖ አይቈጠርም፤ ደግ ሰጪ ማለት የሰጠውን የሚከታተል ነውና።

የአየርላንድና የአገራችን ነገር የሚገናኝበት መንገድም አለ። በደብሊን በቼስተር ቢቲ ቤተ መጻሕፍት በግዕዝ የተጻፉ የብራና መጻሕፍቶቻችን ተጠብቀው ይገኛሉ። በ1984ና በ1985 በአገራችን ጽኑ ረኃብ በሆነ ጊዜ የአየርላንድ ሕዝብ፥ የገዛ አያቶቹን ረኃብ አስታውሶ፥ ከአገሩ ትንሽነት ይልቅ እጅግ የበዛ ገንዘብ አዋጥቶአል፤ ገንዘብ ለማሰባሰብ ታላቁን የሙዚቃ ትርዒት ካስነሡት አንዱ ቦብ ጌልዶፍም የዚያው የደብሊን ከተማ ልጅ ነው። ዘፈን ጠርቶ ገንዘብ መሰብሰብ ለእነርሱ የቈየ ልማድ እንደ ሆነ ከዚህም ይታያል።

እኛም አሥር አውታር ያለው በገና አለን። የሚደረድሩት ሽማግሌዎች ከነሙሉ ቅኝታቸው ለልጅ ልጅ እንዲያስተላልፉት፥ የሚማር ልጅና ለመምህሩ የሚከፍል ሰው ሊገኝ ያስፈልጋል። ድግስ ማዘጋጀት አዲስ ትምህርት አይሆንብንም፤ ማኅበርና ዕድር፥ ዕቁብና ጽዋ የአባቶቻችን ናቸውና። በየቤቱ በዓመት አንድ ጊዜ ከሚደገሰው አንዱ እንኳ ለአንድ የበገና መምህር የአንድ ዓመት ደመወዝ እንዲሆን ቢታሰብ፥ ወጪው ከሌላው ድግስ አይበልጥም። ቤልፋስት 11 ደርዳሪ እስኪቀር ድረስ ቈይታ ነበር የነቃችው፤ እኛ ግን ገና ብዙ ሳሉልን ልንጀምር እንችላለን።